ድዳችሁን በእንክብል አታታልሉ

እናንተ የግራና፣ የመርሳና የወልድያ አቻዎቼ፣ ዛሬ ስለ ድዳችን ልናገር ነው። ነገሩ ቀላል መስሎን ስንጫወትበት ኖረናልና ቃሌ ቢመራችሁ አትቀየሙኝ።

በየለቅሶውና በየሰርጉ ቤት የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዱ "ድዴ እየደማ፣ ጥርሴም እየተነቃነቀ አስቸገረኝ" ሲል ሌላው ከኪሱ የተጠቀለለ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱ ውስጥ ከልጁ የሳል መድኃኒት የተረፉ ሁለት ሦስት የአሞክሳሲሊን እንክብሎች አሉ። ታማሚው አንዱን ይውጣል፤ ሌላውን በጥፍሩ ከፍቶ ዱቄቱን በጣቱ ድዱ ላይ ይነሰንሳል። ይመረውና ፊቱን ያጨፈግጋል። በማግስቱ ሕመሙ ጋብ ሲልለት ሰጪውን ይመርቃል። ከዚያ ወዲያ ለጎረቤቱም ለልጁም የሚነግረው ያንኑ እንክብል ነው። የሽማግሌ ቃል ስለሆነ ደግሞ ይታመናል።

ሕመሙ ጋብ አለ እንጂ በሽታው አልሄደም። ድዳችንን የሚያሳምመው በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚለጠፈው የተህዋስያን ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን በየቀኑ ካልተፋቀ እየጠጠረ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ከድዱ ሥር ይገባና ድዱን ያሸሸዋል፤ ጥርሱን የያዘውንም አጥንት ቀስ በቀስ ይበላዋል። የሄደውን አጥንት የሚመልስ እንክብል የለም። ተህዋስያኑም በሽፋኑ ውስጥ ተጣብቀው ስለሚኖሩ መድኃኒቱ እንደሚገባው አይደርስባቸውም። የወተት ቅል ሳይታጠብ በወይራ ቢታጠን ወተቱ መበላሸቱ ይቀራል? አይቀርም። ድድም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ እጥበት፣ መድኃኒት ካስፈለገ ከእጥበቱ ጋር ወይም በኋላ።

ይህ የእኔ ፈሊጥ አይደለም። የአውሮፓ የድድ ሕክምና ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ድዱ ለታመመ ሰው ሁሉ የሚዋጥ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት መስጠት እንደማይገባ አስታውቋል። መድኃኒቱ የሚታሰበው ለተወሰኑ ሕመምተኞች ነው፤ ለምሳሌ በወጣትነቱ ድዱ በብዙ ቦታ ክፉኛ ለተጎዳ ሰው። ያኔም ሐኪሙ ከጥርሱ ሥር ያለውን ድንጋይ እየፈነቀለ ነው እንጂ እንዲያው በባዶው አይደለም። መግል ቋጥሮ ፊት ሲያብጥና ትኩሳት ሲነሳም ሐኪም ሊያዝ ይችላል፤ ያ ግን አጣዳፊ ጉዳይ ነውና ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ።

በአገራችንም ሕጉ ግልጽ ነው፤ እነዚህ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጡም። እኛ ግን ማዘዣውን በምላሳችን እንጽፋለን። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው የዚያው ዘር በሆነች በአንዲት የአሞክሳሲሊን እንክብል ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። ፍላጅል የምንለው ሜትሮኒዳዞል ከጠላና ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ሊያስመልስና ልብ ሊያስመታ ይችላል፤ ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድን ሰው ደግሞ ደም እስከ ማፍሰስ ሊያደርሰው ይችላል። ቴትራሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ለትንሽ ልጅ ከተሰጠ የሚበቅለውን ጥርስ ቀለሙን ያበላሸዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በልጅ ልጆቻችን ላይ የምናመጣው ነው። በማያስፈልግበት ቦታ ወይም ከሚገባው መጠን በታች የተዋጠ እንክብል ተህዋስያኑን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምዳቸዋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ይህን አደጋ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በለመዱ ተህዋስያን ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ከድድ ተነስቶ የሕፃናትን ፊት የሚበላ ኖማ የሚባል በሽታም አለ፤ በምግብ እጦትና በኩፍኝ የተጎዱ ልጆችን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል። ካልታከመ ከያዛቸው 10 ልጆች እስከ 9ኙን ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን እነዚሁ መድኃኒቶች ያድናሉ። ለእኛ ድድ ያባከንነው መድኃኒት ለዚያ ልጅ እንዳይከዳው ፍሩ።

ስለ ሌሎቹ ሕክምናዎችም ልናገር። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ያስታግሳል፤ ድንጋዩን ግን አያነሳም። ቅርንፉድ ሕመም ያደነዝዛል፤ ከዚያ አያልፍም። ሐኪም የሚያዝዘው የክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ ለአጭር ጊዜ ይረዳል፤ ሲቆይ ጥርስን ያጠቁራል፣ የምግብ ጣዕም ያጠፋል። በሎሚ ጥርስ መፈተግ ጥርሱን ይበላዋል፤ የመርሳን ብርቱካን ብሉት እንጂ ጥርሳችሁ ላይ አትሹት። የወይራና የልምጭ መፋቂያ መልካም ነው፤ ጫፉን አኝካችሁ አለስልሱና ድድ ሳትወጉ ፋቁ። የድድ ንቅሳት ግን ይቅር። እናቶቻችን መርፌ አስረው በጥቀርሻ ድድ ሲነቅሱ ለውበትም ለመድኃኒትም ብለው ነበር። ጥቁሩ ቀለም መቅላቱን ይሸፍነዋል እንጂ በሽታውን አያድነውም፤ ያው መርፌ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ደግሞ ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ያዞራል።

በእኛ ዕድሜ ድድ ብቻውን አይታመምም። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይጎዳል፤ የተጎዳውም ድድ ስኳሩን ያባብሰዋል። እንደ ኒፈዲፒንና አምሎዲፒን ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ድድ ሊያሳብጡ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለውን እብጠት አሞክሳሲሊን አያነሳውም። መድኃኒቱንም በራሳችሁ አትተዉ፣ ለሐኪሙ ንገሩት። ትንባሆ የሚያጤስ ሰው ድዱ እየታመመም ላይደማ ይችላል፤ ስላልደማ ጤነኛ ነኝ አይበል። ጫት በአንድ ጉንጭ ይዞ መዋልም ከድድ መሸሽ ጋር ይያያዛል።

"የጥርስ ሐኪም የት አለ?" ትሉኝ ይሆናል። ችግሩን አልክድም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወልድያ በጦርነት ተይዛ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ያየ ሰው የተረፈ እንክብል ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም። ከመርሳ ወልድያ ግን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለገበያ እንሄድበታለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ስለዚህ አቻዎቼ፣ በኪሳችሁ ያለውን የተጠቀለለ ወረቀት ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስረክቡ። ድዱ የደማ ሰው ሲያማክራችሁ "ጥርስህን ታጠብ፣ ሐኪም ይይህ" በሉት። ጠዋትና ማታ ፋቁ። ሐኪም ያዘዘውን ደግሞ እስከ መጨረሻው ውሰዱ፤ ለሌላ አታካፍሉ። ሽማግሌ ምክር ይሰጣል፤ እንክብል አያድልም።