ውሻው ሲጠይቅ በር መክፈት ብቻ አይበቃም

የሰፈራችን ነዋሪዎች ሆይ፣ ውሻ መውጣት ሲፈልግ በሩን ይቧጭራል፣ ወለሉን እያሸተተ ይዞራል። እኛ ታዲያ «ሂድ ውጣ!» ብለን በሩን መልሰን እንዘጋለን። ከዚያ ወዲያ ያለው የጎረቤት ዕዳ ነው።

ይኸ ነገር በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ይብሳል፤ ውሻው የአንድ ሰው፣ ደረጃው ግን የሁሉም ነው። ማስተማሩ ደግሞ ከባድ አይደለም። በሩ ላይ ትንሽ ቃጭል ማንጠልጠል፣ ጠዋት ሲነሳና ከበላ በኋላ በእግሩ ወይም በአፍንጫው አስነክቶ ወዲያው ማውጣት፣ ውጭ ሲጸዳዳ ቁራሽ ዳቦ መስጠት ነው። ቤት ውስጥ ቢያመልጠው አይመታ፤ ዱላ የቀመሰ ውሻ ተደብቆ መጸዳዳትን ይለምዳል እንጂ ምልክት አይሰጥም።

ቃጭሉ ሲጮህ ታዲያ ባለቤቱ ገመድ ይዞ አብሮ ይውጣ፣ ቆሻሻውንም ያንሳ። «ለጥበቃ ነው የምንለቀው» የሚሉ አሉ። ኧረ ተዉ! ማለዳ ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ሠራተኛ ሌባ ነው እንዴ? ብቻውን የወጣ ውሻ ከባዘኑት ጋር ይናከሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻችንን በየዓመቱ እናስከትብ። የተነከሰ ሰው ካለም ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።