ስሙ መዝገብ ላይ፣ ልጁ ደጃፍ ላይ

ጫጫን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄዱ በመኪና መስኮት ይሆናል። ዋናውን አስፋልት ተከትላ የተዘረጋች፣ ብርዷ አጥንት የሚገባ ከተማ ናት። የአክስቴ ቤት ደጃፍ አስፋልቱን ያያል። እዚያ ደጃፍ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የሚቀመጥ የ14 ዓመት ልጅ አለ፤ የአክስቴ ልጅ ነው። የሚያልፈውን መኪና ታርጋ በቃሉ ይይዛል። ትናንት ወደ ደሴ ያለፈ አይሱዙ ዛሬ ሲመለስ ያውቀዋል። አምና ሰባተኛ ክፍል ተመዝግቦ ነበር። ከጥር ጀምሮ ግን ክፍል አልገባም።

ሰነፍ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። በጠዋት ይነሳል፣ ዩኒፎርሙን ይለብሳል፣ ደብተሩን ይይዛል። በሩ ጋ ሲደርስ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል። አክስቴ እጁን ስትጎትተው ይጮኻል፣ በጡጫ ራሱን ይመታል። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደወሉ ካለፈ በኋላ፣ ሁሉም ነገር ይሻለዋል። "አየሽ፣ ማስመሰል ነው" ይሏታል ጎረቤቶች። እኔም ከአዲስ አበባ ደውዬ "ኮስተር በይበት እንጂ" ብያታለሁ። አልዋሽም፣ ብያታለሁ።

አሁን ወቅቱ የምዝገባ ነው። ስለ ክልላችን ትምህርት ሲወራ የምንሰማው ቁጥር ትልቅ ነው፤ በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ ተነግሯል። ዋናው ምክንያት ግጭቱ ነው። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ መጀመሪያ መቆጠሩ ተገቢ ነው። ግን ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆኖ፣ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ እግሩ አልሄድ ያለውን ልጅ በየትኛው ዓምድ ነው የምንጽፈው? ዓመቱ ሲያልቅ "አቋራጭ" ተብሎ ይጻፋል። ለምን እንዳቋረጠ ግን ዓምድ የለውም።

ለዚህ ነገር በአማርኛ የታወቀ ስም እንኳ የለንም። "ፎረፈ" እንዳንል፣ የሚፎርፍ ልጅ ከቤተሰቡ ተደብቆ ነው። ይሄኛው እቤቱ ነው፣ ሁሉም እያየው። ጃፓኖች "ፉቶኮ" ይሉታል፤ በዓመት 30 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቀሩትን ተማሪዎች ለብቻ ይቆጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የትምህርት ዘመን በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ብቻ ከ346 ሺህ በላይ ሆነዋል። ጃፓን ሀብታም አገር ናት፣ ትምህርት ቤቶቿም የተሟሉ ናቸው። ስለዚህ ችግሩ የድህነት ብቻ አይደለም፤ "የዘመኑ ልጅ ቅብጠት" የሚለውም አያስኬድም። ልዩነቱ እነሱ መቁጠራቸው ነው። ያልቆጠርከውን ችግር በጀት ልትይዝለት አትችልም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ክሪስቶፈር ኬርኒ ልጆች ትምህርት ቤት እምቢ የሚሉባቸውን ምክንያቶች በአራት ይከፍላቸዋል። አንደኛ፣ ግቢው ውስጥ ያለ የሚያስጨንቅ ነገርን መሸሽ። ሁለተኛ፣ በሰው ፊት መፈተንን ወይም መሳቂያ መሆንን መሸሽ። ሦስተኛ፣ ከቤተሰብ ትኩረት መፈለግ። አራተኛ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ የሚያስደስት ነገር መኖሩ፣ ለምሳሌ ጨዋታ ወይም ስልክ። ምክንያቱ ሲለያይ መፍትሔውም ይለያያል። እኛ ግን ሁሉንም እንደ አራተኛው ቆጥረን ስልክ እንነጥቃለን፣ ዱላ እናነሳለን።

የአክስቴ ልጅ ኦቲዝም እንዳለበት ያወቅነው ዘግይተን ነው። አክስቴ መጀመሪያ ጠበል ወሰደችው፤ በዚህ አልፈርድባትም፣ ዛሬም ትወስደዋለች። በኋላ ደብረ ብርሃን ሐኪም አየው፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ያኔ ነው ነገሩ አንድ በአንድ የተገጣጠመልን። ስድስተኛ ክፍል እያለ አንዲት መምህርት ከፊት ያስቀምጡት፣ ረጋ ብለው ያናግሩት ነበር። ሰባተኛ ሲገባ ከ60 ተማሪ በላይ ያለበት ክፍል ገባ። ጫጫታው ለእኛ ጫጫታ ነው፤ ለእሱ ግን ያመዋል። አንድ ቀን በሰው ፊት አንብብ ተብሎ ሲያቅተው መምህሩ በዱላ መቱት፣ ክፍሉ ሳቀ። የመጨረሻው ቀን ያ ነበር። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። በክፍሉ ውስጥ ግን ይህን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነገሩን በዋጋ ባየው አትፍረዱብኝ። ለማንኛችንም ትምህርት ዋጋ አለው፤ ጥቅሙ ሩቅ ነው፣ ወጪው የየዕለት። ለዚህ ልጅ የአንድ ቀን ትምህርት ዋጋ ከጓደኞቹ ብዙ እጥፍ ነው፤ በጫጫታ፣ በፍርሃት፣ በመሳቂያነት ይከፍለዋል። እኛ የምናደርገው ሁሉ ቤት የመዋልን ዋጋ ማስወደድ ነው፦ ስድብ፣ ዱላ፣ ቁጣ። የመሄድን ዋጋ የሚቀንስለት የለም። "በቃ ቤት ይዋል" ማለትም ኪሳራ ነው። በቀረ ቁጥር እፎይ ይላል፤ ያ እፎይታ ደግሞ የነገውን መሄድ ያከብደዋል። እንደ አራጣ ወለድ በየቀኑ ይወልዳል።

ትምህርት ቤቱስ ምን ያተርፋል? የትምህርት ቤት ድጎማ የሚሰላው በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ እያንዳንዱ ልጅ ይፈለጋል። የካቲት ላይ የት እንደገባ መጠየቅ ግን ለማንም ገቢ አያመጣም። መምህራኑ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ሥርዓቱ የሚክሰው መመዝገብን እንጂ መምጣትን ስላልሆነ ነው።

ወረቀቱማ ሞልቷል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ የአካቶ ትምህርትን መብት ያደርገዋል። ትምህርት ሚኒስቴር ከ2016 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት መሪ ዕቅድ ነበረው። በተመረጡ ትምህርት ቤቶች የድጋፍ መስጫ ማዕከላት እንዲቋቋሙ፣ በአካባቢው ያሉ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም እንዲገለገሉባቸው ታስቧል። የዕቅዱ ዘመን አሁን አለቀ። የሚቀጥለው ሲጻፍ "ስንት ልጅ ተመዘገበ" ከሚለው አጠገብ "ስንቱ እስከ ሰኔ ቆየ፣ የቀረውስ ለምን ቀረ" የሚል መስመር ይግባበት። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ስላጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ዘሚ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ሥራቸው ግን ብዙ እናቶችን ከተደበቁበት አውጥቷል። ሆኖም አንድ ማዕከል ለአዲስ አበባም አይበቃም፤ ከጫጫ በየቀኑ የሚመላለስበት እናት ደግሞ የለችም። ለጫጫ ልጅ መፍትሔው እዚያው ጫጫ፣ የተመዘገበበት ትምህርት ቤት ውስጥ መገኘት አለበት።

ይቻላል? በከፊል አዎ። አምና ለፋሲካ ስሄድ የሐኪሙን ወረቀት ይዘን ከአክስቴ ጋር ትምህርት ቤቱ ሄድን። የክፍል ኃላፊው መምህር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡትና "እኔ ጥጋብ ነው የመሰለኝ" አሉ። ከዚያ ተስማማን። በመጀመሪያው ሳምንት ደወል ካለፈ በኋላ፣ ግቢው ጸጥ ሲል፣ በሩ ድረስ ብቻ ደርሶ ይመለሳል። በሁለተኛው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ። ጮክ ብለህ አንብብ የሚለው የለም። የሒሳብ መምህሩ ደግሞ የታርጋ ነገር ሲነገራቸው ሳቁና ከያዛቸው ቁጥሮች ውስጥ በ3 የሚካፈሉትን ለይቶ እንዲያመጣ የቤት ሥራ ሰጡት። ሁለት ገጽ ጽፎ መጣ።

ተአምር አልተፈጠረም። አንድ ቀን ሚኒ ሚዲያው ሳይታሰብ ድምፁን ለቀቀውና አንድ ሳምንት ወደኋላ መለሰን። ሰኔ ላይ ግን እስከ እረፍት ሰዓት ይቆይ ነበር። ለትምህርት ቤቱ የጠየቀው ወጪ ዜሮ ብር ነው። አክስቴ ግን ከፍላለች። ሻይ ቤቷን የምትከፍተው ለሹፌሮች በጠዋት ነው፤ እሱን ስታደርስና ስትመልስ ለሁለት ወር የጠዋት ገበያዋ ቀረ። መንግሥት ያልከፈለውን እናት ከፈለችው። ይህ ወጪ በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አይታይም።

ይህን በስልካችሁ የምታነቡት ብዙዎቻችሁ የአንድ እንዲህ ያለ ልጅ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ልትሆኑ ትችላላችሁ። ልጁ ሲጮኽ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት። በዚያው ስልክ ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፦ በየትኛው ቀን ባሰበት? የዚያን ቀን ምን ትምህርት ነበር? ማን ነበር? ከአራቱ ምክንያቶች የትኛው እንደሆነ ከዚያ ይታያችኋል። ግቢው ውስጥ የሚያምነውን አንድ ሰው ፈልጉ፣ ዘበኛም ቢሆን። ሰዓቱን አሳጥራችሁ ጀምሩ፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ሆድ ቁርጠቱ የእውነት ሕመም ሊሆንም ይችላል። እናትየውን ደግሞ "ኮስተር በይ" አትበሏት፤ ጠዋቱን ተካፈሏት።

ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ ሰባተኛን ይደግማል። ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ትናንት ስደውልለት ስለ ትምህርት አላወራኝም፤ ወደ አዲስ አበባ ስላለፉ ሦስት ከባድ መኪናዎች ነገረኝ፣ ከነታርጋቸው። ስልኩን ሊዘጋው ሲል "የሒሳቡ መምህር ዘንድሮም አሉ?" አለኝ። አላውቅም ነበርና ጠይቄ እነግርሃለሁ አልኩት። ዛሬ ጠዋት ደወልኩ፤ አሉ።