ልምድ ብቻውን ዋስትና አይሆንም

የኦንላይን የሥነ ልቦና ምክር ተመካሪና ባለሙያ በአካል ሳይገናኙ በቪዲዮ፣ በስልክ ወይም በጽሑፍ የሚያካሂዱት አገልግሎት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ሲተዋወቅ በብዛት የሚቀርበው መተማመኛ «የረጅም ዓመት ልምድ ያለው ባለሙያ» የሚል ነው። የቤት ኪራይ ጭንቀት፣ የትዳር ጭቅጭቅ፣ ሥራ ማጣት፣ ከአማት ጋር አለመስማማት፣ ሁሉም ልምድ ያለው ሰው ስልክ ላይ ከተገኘ ይፈታል የሚል እምነት ሰፍኗል። ይህ እምነት ሦስት ስሕተት አለበት። ልምድን ብቃት ያደርጋል፤ የኑሮ ችግርን በሙሉ የአስተሳሰብ ችግር ያደርጋል፤ ተመካሪው ስልኩን ይዞ የሚቀመጥበትን ቤትም ይረሳል።

የመጀመሪያው ስሕተት በጥናት ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት የ170 ቴራፒስቶችንና ከ6,500 የሚበልጡ ተመካሪዎቻቸውን ውጤት ለዓመታት ተከታትሏል። በአማካይ ሲታይ ዓመታት በጨመሩ ቁጥር የተመካሪዎቹ ውጤት አልተሻሻለም፤ እንዲያውም በጣም በጥቂቱ ቀንሷል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። የልብስ ስፌት ሠራተኛ የሰፋችው ክር ከተዛነፈ ተቆጣጣሪ ወዲያው ይመልስላታል፤ በዚያው ቀን ትማርበታለች። አማካሪ ግን ስሕተቱን የሚመልስለት የለም። ያልተረዳው ሰው አይከራከረውም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሥራ ሃያ ዓመት ቢሠራ ያው ስሕተት ሃያ ዓመት ሊደገም ይችላል።

የዚምባብዌ ተሞክሮ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. በጀመረው «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» በተባለው ሥራ፣ ምክር የሚሰጡት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ናቸው። የሥነ ልቦና ዲግሪ የላቸውም። በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ግን ከስድስት ወር በኋላ የተመካሪዎቹ የድባቴና የጭንቀት ምልክት በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል። እነዚህ ሠራተኞች አጭር ሥልጠና፣ የተጻፈ አካሄድና ሥራቸውን የሚከታተል ተቆጣጣሪ ነበራቸው። ከባድ ሕመም ሲያጋጥማቸው የሚልኩበትም ነበራቸው። በስልክ ስክሪን ላይ በትልቅ ፊደል የሚጻፈው የልምድ ዘመን ከእነዚህ አንዱንም አይነግርም።

ሁለተኛው ስሕተት ከችግሩ ዓይነት ይነሳል። አከራይ በየጥቂት ወሩ ኪራይ የሚጨምርበት ሰው እንቅልፍ ማጣቱ አያስገርምም። የጭንቀቱ ምንጭ ግን ውሉ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያስታውቀው እንዳያልፍ ይደነግጋል። ይህን ተከራይ ወደ ወረዳው ከመምራት ይልቅ ስድስት ሳምንት «አመለካከትህን ቀይር» እያሉ ማስከፈል ጉዳት ነው። ሰውየው ገንዘቡን ያጣል፤ መብቱን የሚጠይቅበት ጊዜ ያልፍበታል፤ ችግሩ ሳይፈታ ሲቀር ደግሞ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይደፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያለው የኑሮ ጫና በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአምስት ክፍለ ጊዜ መመሪያ ከዚህ ይለያል። መተንፈስን በማዘግየት ጭንቀትን ማብረድ፣ የሚፈቱ ችግሮችን ከማይፈቱት ለይቶ ለሚፈቱት እቅድ ማውጣት፣ ወደ ተተወ ሥራ በጥቂቱ መመለስ፣ የሰው ድጋፍ ማጠናከር ናቸው ምሰሶዎቹ። የመጨረሻው ምሰሶ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ዕድር፣ ዕቁብ፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባትና ሽማግሌ ቀድሞም ነበሩ። ጥሩ አማካሪ ተመካሪውን ከእነዚህ ጋር መልሶ ያገናኛል፤ በሳምንታዊ ክፍያ የእነሱን ቦታ አይወስድም።

ሦስተኛው ስሕተት በሀይሌ ጋርመንት ጎልቶ ይታያል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በለቡና በጀሞ አቅራቢያ ባለው በዚህ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በረድፍ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ብዙ ናቸው። አንዱ ክፍል ከሌላው በቺፑድ ከተለየ የጎረቤት ቴሌቪዥን እንደ ራስ ቤት ይሰማል። ከሥራ የተመለሰች ሴት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፍታለች፤ ልጇ አጠገቧ ተኝቷል፤ ባሏ ከመጋረጃው ወዲያ ነው። አማካሪው «ባለቤትሽ መትቶሽ ያውቃል?» ሲላት «ኧረ ደህና ነኝ» ትላለች። የጆሮ ማዳመጫው የአማካሪውን ጥያቄ ደብቆላታል፤ የእሷን መልስ ግን ማንም አይደብቅላትም። ልምድ ያለው ጆሮ ያንን «ደህና ነኝ» እንደ መሻሻል ከመዘገበው ልምዱ ለእሷ አልጠቀመም። ወያላ ወደሚጣራበት አስፋልት ዳር ወጥታ ብታወራም ሌላ ሰሚ አለ። አማካሪው ሌላውን ሁሉ ከመጠየቁ በፊት «አሁን የት ነሽ? ሰው ይሰማሻል? መስመሩ ቢቋረጥ በየትኛው ቁጥር ልደውል?» ማለት አለበት።

ምስጢር ከቤት ውጭም ይፈስሳል። የቴሌግራም የተለመደ ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። በፊንላንድ ቫስታሞ የተባለው የሳይኮቴራፒ ድርጅት መዝገብ ተሰርቆ በ2020 እ.ኤ.አ. ተመካሪዎቹ «ካልከፈላችሁ እናወጣዋለን» ተብለው ተዝተውባቸዋል። ቤተርሄልፕ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ የተጠቃሚዎቹን መረጃ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ በ2023 እ.ኤ.አ. 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። የተመካሪን ታሪክ ስሙን ቀይሮ ለቪዲዮ ይዘት የሚጠቀም አማካሪ ይህን ሊያስብበት ይገባል፤ ሰፈርተኛ ታሪኩን ሰምቶ ባለቤቱን ያውቃል።

የአገልግሎቱ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ክብደት አለው። በአገሪቱ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ባለሙያው ዛሬም ጥቂት ነው። የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሉን በመጥቀስ «አማኑኤል ሄደ» መባልን የሚፈራ ሰው በስልክ ይደፍራል። ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች የቤት ሠራተኛ በአማርኛ የሚሰማት ታገኛለች። ለድባቴና ለጭንቀት በባለሙያ የታገዘ የኢንተርኔት ሕክምና በአካል ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለውም ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ስክሪኑ ጥፋተኛ አይደለም። ነገር ግን የባለሙያ እጥረት ቁጥጥርን የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል፤ ምርጫ የሌለው ሰው የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላልና። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት መቆየቱም በኔት ላይ ብቻ የቆመ ድጋፍ ምን ያህል እንደሚሰበር አሳይቷል።

ከልምድ ዘመን ይልቅ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። አማካሪው የሙያ ፈቃዱን ከማን አገኘ? ሥራውን የሚገመግምለት ማን ነው? መሻሻልን በምን ይለካል? ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ መሣሪያው በእጅ አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከተው ባለዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተፈትሿል። ከ0 እስከ 27 ይቆጠራል፤ ለመሙላትም ደቂቃዎች ይበቃሉ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። አማካሪው ይህን ጥያቄ ካልጠየቀ፣ መልሱ «አዎ» ቢሆን ማንን እንደሚጠራና ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚልክ አስቀድሞ ካላወቀ፣ ገንዘብ መቀበል የለበትም። ጥቂት ሳምንታት አልፈው ነጥቡ ካልቀነሰም አካሄዱን መቀየር ወይም ተመካሪውን ወደ ሌላ ባለሙያ ማስተላለፍ ግዴታው ነው። ፈቃድ ሰጪ አካላትም በስክሪን የሚሰጠውን ምክር በክሊኒክ ከሚሰጠው ባልተናነሰ መለኪያ ሊቆጣጠሩት ይገባል።