ስንት ሠለጠነ አትበሉኝ

ጦር ኃይሎች ለሚኖር ሰው ነጭ ጋዋን ብርቁ አይደለም። ትልቁ ሆስፒታል እዚሁ ነው፤ ክሊኒክና ፋርማሲ በየደጁ ነው። በዚሁ ሰፈር ግን በጤና መኮንንነት ተመርቀው፣ የብቃት ምዘናውን አልፈው፣ ዶክመንታቸውን ይዘው ከአንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው የሚዞሩ ልጆች አውቃለሁ። «የጤና ባለሙያ እጥረት አለብን፣ ሥልጠና ይስፋፋ» ሲባል የምናደደው ለዚህ ነው።

እጥረቱስ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል ይላል፤ እኛ ከዚያ በብዙ እንርቃለን። ታዲያ ባለሙያ ያጣ ታካሚና ሥራ ያጣ ባለሙያ እንዴት አንድ ሰፈር ውስጥ ይኖራሉ? የጠፋው የሥራ መደብ ነዋ! መደብ ደግሞ በጀት ይፈልጋል።

ማሠልጠኑን እናውቅበታለን። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያንን ጎን ለጎን ያስተምር ነበር፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ በቡድን እንዲሠሩ ታስቦ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ደግሞ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት መደበ። ከ30,000 በላይ ሆኑ። ሲጨርሱ ቀበሌያቸውም የመንግሥት ደመወዛቸውም ይታወቅ ነበር። ፕሮግራሙን ያቆመው ይሄ ነው።

አሁን ተመራቂው ይወጣል፣ የሚቀጥረው የለም። የተቀጠረውም ኑሮው አልገፋ ብሎታል፤ በግንቦት 2011 ሐኪሞች ሰልፍ ወጡ፣ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ አቆሙ። እኛ ግን ለሁሉም ችግር መድኃኒታችን አንድ ነው፦ ሌላ ሥልጠና። የሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ የውሎ አበል፣ ሰርተፊኬት። ሥልጠና አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ቤት ኪራይ መክፈል ያቃታትን ነርስ ግን ሰርተፊኬት ሥራዋ ላይ አያቆያትም።

«ገንዘብ የለም» ትሉኝ ይሆናል። የአፍሪካ መሪዎች እኮ በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል። ቃሉ የእኛም ነው።

ስለዚህ ሪፖርት ሲቀርብ «ስንት አሠለጠናችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይብቃን። ስንቱን ቀጠራችሁ? በስንት ብር? ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቱ ሥራው ላይ አለ? የእነዚህ መልስ የሌለው ዕቅድ፣ የሰው ኃይል ልማት ተብሎ ባይጠራ ደስ ይለኛል።