ስለ አስፋልት መፈተሻ መሣሪያ ርክክብ፦ ግልጽ ደብዳቤ

በጅዳ፣ በመካና በአዲስ አበባ የአስፋልት ግትርነት መፈተሻ መሣሪያ ለሚያስተክሉ የላቦራቶሪ ኃላፊዎች፣

ይህ ደብዳቤ የሚነቅፈው አቅራቢው መሣሪያውን አቁሞ፣ ኤሌክትሪኩንና የታመቀውን አየር አገናኝቶ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ያማረ ሞገድ እንዳሳየ የርክክብ ሰነድ የሚፈረምበትን ልማድ ነው። ሞገዱ ማሽኑ መንቀሳቀሱን እንጂ የሚያወጣው ቁጥር ትክክል መሆኑን አይመሰክርም።

ግትርነት፣ ማለትም በናሙናው ላይ ያረፈው ጫና ላስከተለው የቅርጽ ለውጥ ተካፍሎ የሚገኘው ልክ፣ በአስፋልት ላይ ቋሚ አይደለም፤ ጠጠሩን የሚያያይዘው ቢቱመን ሲሞቅ ስለሚለሰልስና ጭነት ሲዘገይበት ስለሚሸሽ፣ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስና በፈጣን ጭነት ከ10,000 ሜጋፓስካል በላይ ሊያሳይ የሚችል ናሙና በ40 ዲግሪና በዝግተኛ ጭነት ወደ ጥቂት መቶዎች ይወርዳል። ስለዚህም 100 ሚሊሜትር ስፋትና 150 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ናሙና በተለያየ ሙቀት፣ በሴኮንድ ከ25 ዑደት እስከ የዑደት አንድ አሥረኛ፣ እየተጫነ ይፈተናል።

ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በመካ ታላቁ መስጊድ 51.8 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ ጥቁር አስፋልት ደግሞ በፀሐይ ከአየሩ እጅግ ይሞቃል። በሐጅ ሰሞን እንደ ዑተይቢያ ባሉ ለታላቁ መስጊድ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች ተሽከርካሪ እየተንፏቀቀ ሲያልፍ ሙቀቱና ዝግታው ተባብረው ግትርነቱን ስለሚጥሉት፣ ለእነዚህ መንገዶች የሚያስፈልገው ቁጥር በሞቃቱና በዝግተኛው ጫፍ የሚለካው ነው፤ የችኮላ ርክክብ የሚያበላሸውም ይህንኑ ነው። የለሰለሰ ናሙና የሚችለው ጭነት አነስተኛ በመሆኑ የጭነት መለኪያው በአቅሙ ታችኛው ጠርዝ ይሠራል፤ ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም ንባቡን ከታወቀ ልክ ጋር ማመሳከሩ፣ በትልልቅ ጭነቶች ብቻ ከተካሄደ በዚያ ጠርዝ ያለውን ስሕተት ማንም አያየውም። ሙቀቱም ከማሽኑ ክፍል አየር ይነበባል እንጂ ከናሙናው እምብርት አይደለም፤ እምብርቱ ግን የአየሩን ሙቀት የሚይዘው ከሰዓታት በኋላ ነው። ናሙና ቦርቡሮ የሙቀት መለኪያ ሽቦ በመሐሉ መቅበርና ከሚፈተነው ጎን ማቆም ይህን ያህል ያስቸግራል?

የግዥ ዝርዝርን ከሌላ አገር ላቦራቶሪ መገልበጥም መቅረት አለበት። የሳዑዲ ዓረቢያ ኤሌክትሪክ 60 ሄርዝ፣ የኢትዮጵያ 50 ሄርዝ በመሆኑ ለአንዱ የተሠራ የፓምፕ ሞተር በሌላው ፍጥነቱ ይለወጣል፤ የጅዳ የባሕር እርጥበትም ማድረቂያ የሌለውን የአየር መስመር በውኃ ይሞላዋል።

ከርክክቡ በፊት ስስ ግድግዳ ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ በናሙና ምትክ ይፈተን። የአሉሚኒየም ግትርነት 70 ጊጋፓስካል ገደማ መሆኑ የታወቀ ሲሆን፣ ለጭነት ወዲያው ምላሽ ስለሚሰጥ በጭነቱና በቅርጽ ለውጡ መካከል መዘግየት መታየት የለበትም፤ በ25 ሄርዝ ጎልቶ ከታየ መዘግየቱ የመሣሪያው ነው። ይህ ውጤት ከሰነዱ ጋር ሳይያያዝ የመጨረሻው ክፍያ ባይለቀቅ፣ አቅራቢዎቹ ሳይጠየቁ ቱቦውን ይዘው መምጣት ይጀምራሉ።