«ኳንተም» ያልተጻፈበት መሣሪያ

ዓይደር የምትኖረው አክስቴ ቤት አንድ ሰውዬ ላፕቶፕና የብረት ዘንግ ይዞ መጣ። ዘንጉን አስጨበጣትና በአንድ ደቂቃ ጉበቷን፣ ኩላሊቷን፣ አጥንቷን «በኳንተም መረመረ»። ከዚያ እንክብል ሸጠላት። የደም ግፊት መድኃኒቷን በዚያ ልትተካ ስትል ነው የደረስኩት።

ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ልፈትነው አልኩ። ዘንጉን ጨበጥኩ፤ ጤነኛ ነኝ። «አሁን ዕድሜዬን 70 ብለህ አስገባ» አልኩት። አጥንቴ ወዲያው ሳሳ! እጄ ያው እጄ፣ ዘንጉም ያው ዘንግ።

መልሱ ምን መሰላችሁ? «ኳንተም ረቂቅ ነው፤ ሳይንቲስቶቹም አልገባቸውም።» ይህን ያስተማርነው እኛው ነን እኮ። ለፈተና ሸምድደን ያለፍን ኢንጂነሮች፣ «ሐሳብህ እውነታን ይፈጥራል፤ ኳንተም ነው» የሚል ፖስት ቴሌግራም ላይ ስናዞር የከረምን።

ኳንተም የመጣው ሊያደናግር አይደለም፤ የድሮው ፊዚክስ ስሌት አልሠራ ስላለ ነው። በድሮው ሕግ ቢሆን፣ ኒውክሊየስን የሚዞር ኤሌክትሮን ጉልበቱን በብርሃን መልክ እየረጨ በቅጽበት መሃል ላይ ይወድቅ ነበር። አቶም የሚባል ነገር አይኖርም፤ እኔም አክስቴም አንኖርም። እ.ኤ.አ. በ1900 ፕላንክ፣ በ1905 አይንስታይን፣ በ1913 ቦር የጀመሩት መፍትሔ ይህ ነው፦ ብርሃን ጉልበቱን የሚሰጠው እየተቆጠረ ነው፤ ኤሌክትሮንም ከደረጃ ወደ ደረጃ ይዘላል እንጂ በሁለቱ መሃል መቆሚያ የለውም።

አሁን ሆስፒታል ውስጥ ጣታችሁን ቆንጠጥ የምታደርገውን የኦክስጅን መለኪያ አስቡ። ሁለት ብርሃን ትልካለች፦ 660 ናኖሜትር ገደማ ቀይ፣ 940 ገደማ ደግሞ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ። ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝ የኤሌክትሮኖቹ ደረጃዎች ይቀየራሉ፤ ስለዚህ የሚውጠው ብርሃንም ይቀየራል። ኦክስጅን የያዘው ቀዩን በብዛት ያሳልፋል፣ ያልያዘው ይውጠዋል። መሣሪያዋ የሁለቱን ብርሃን ንጽጽር አስልታ ቁጥር ታወጣለች። (የቅርጫ ሥጋ ሲቆረጥ ውስጡ ጠቆር ብሎ አየር ሲያገኘው የሚቀላውም በሄሞግሎቢን ዘመድ ነው።) ለምን ይህ ቀለም ተዋጠ፣ ያኛው አለፈ ብትሉት የድሮው ፊዚክስ መልስ የለውም። ኳንተም አለው፤ ያውም አስልቶ።

መሣሪያዋ ላይ ግን «ኳንተም» የሚል ቃል አልተጻፈም። ዕድሜም አትጠይቅም።

ሰውየውን «ዘንግህ በትክክል የሚለካው ምኑን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ዋጋ ልቀንስልህ አለኝ።