ሻንጣው ተዘጋጅቷል፤ ተማሪውስ?

ቦሌ ኤርፖርት ሄዶ ወዳጁን ያልሸኘ የኛ ትውልድ ልጅ ይኖር ይሆን? ሻንጣው ይመዘናል፣ ኪሎው ያልፋል፣ መሬት ላይ ይዘረገፋል። በርበሬው ይቅር ወይስ መጽሐፉ? (በርበሬ ሲቀር አይተን አናውቅም!) እናት ያለቅሳሉ፣ አባት "ትምህርትህን ብቻ!" ይላሉ፣ እኛም አቅፈን "እንዳትረሳን" እንላለን። በቃ፣ ዝግጅቱ ተጠናቀቀ።

ለስኮላርሺፑ ግን ዓመት ሙሉ ነው የተለፋው። ቶፍሉ፣ ትራንስክሪፕቱ፣ የድጋፍ ደብዳቤው፣ ቪዛው... ከማናውቀው ሰው ጋር ተግባብቶ ለመኖርስ? ለዚህ አንድ ቀን እንኳን የመደበልን የለም።

እስቲ ከሚያስቀው እንጀምር። እኛ ያለን የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ፎርሙ ግን "የቤተሰብ ስም" ይላል፤ ምን ይደረግ፣ የአባታችንን እንሞላለን። ከዚያ ጀርመን ክፍል ውስጥ "ሄር ከበደ!" ተብሎ ሲጠራ ዞር የሚል ይጠፋል። ጋሽ ከበደማ ደብረ ብርሃን ናቸው! ደግሞ እራት እንጋበዛለን። "ልጨምርልህ?" ሲሉን፣ እንዳስተዳደጋችን "አይ፣ ጠግቤያለሁ" እንላለን፤ "በሞቴ" እስኪመጣ። "በሞቴ" ግን አይመጣም። ሳህኑ ይነሳል፤ ሆዳችን እያጉረመረመ ወደ ዶርም።

የማያስቀው ክፍል ውስጥ ያለው ነው። እኛ ጋ ጨዋ ተማሪ ማለት መምህሩ ሲናገር ዝም ብሎ የሚሰማ ነው። መሞገት ድፍረት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ክፍሎች ግን ዝም ያለ ተማሪ ወይ አላነበበም፣ ወይ አልገባውም ተብሎ ይታሰባል። ጨዋነታችን ስንፍና ይመስላል። አማካሪው "ሁሉም ደህና ነው?" ሲል በይሉኝታ "አዎ" እንላለን፤ እሱም ቃላችንን አምኖ ይሄዳል። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብለው ያሳደጉን ሰዎች "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚለውንም ነግረውን ነበር። የትኛው የት እንደሚሠራ ግን ማንም አልነገረን።

"ሄደው ይለምዱታል" የሚሉ አሉ። አዎ፣ አብዛኛው ይለምዳል። ግን በስንት ዋጋ? የሁለት ዓመት ማስተርስ 4 ሴሚስተር ነው፤ በግራ መጋባት ያለፈ 1 ሴሚስተር ሩቡ ማለት ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ካሌርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ "የባህል ድንጋጤ"ን በደረጃ ከፋፍሎታል፦ መጀመሪያ ጫጉላ፣ ቀጥሎ መከፋትና ሁሉን መጥላት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መላመድ። ይህን አስቀድሞ የሰማ ልጅ ሲከፋው "ጊዜው ነው፣ ያልፋል" ይላል። ያልሰማው "እኔው ነኝ የማልረባው" ብሎ በሩን ይዘጋል። ከቤት ሲደውሉለትም መልሱ "ደህና ነኝ" ነው።

እኛ የምንለው፣ ልምምዱ ቦሌ ሳይደረስ ይጀመር ነው። እዚሁ ግቢዎቻችን ውስጥ ከደቡብ ሱዳንና ከሶማሊያ መጥተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ካፌ ውስጥ ለብቻቸው ሲበሉ እያየን እናልፋለን። "እዚህ ስትመጣ ምን ከበደህ?" ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ዶርም ውስጥስ፣ ቋንቋው ከኛ ከሚለይ ልጅ ጋር ዓመት ኖረን በቋንቋው ሰላምታ እንኳን ተምረናል? አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛውን ያላወቀ በርሊን ሄዶ ማንን ሊያውቅ ነው?

ዩኒቨርሲቲዎቻችንን ትልቅ በጀት አንጠይቅም። ከመሄዳችን በፊት ሁለት ቅዳሜ ይስጡን። ተምረው የተመለሱት ፎቶውን ሳይሆን የከበዳቸውን ይንገሩን። እነዚያ የውጭ ተማሪዎችም እኛ ጋ ምን እንደገጠማቸው ይንገሩን፤ ቢመርም እንስማ። ከዚያ "አልገባኝም"፣ "አልስማማም"፣ "እርዱኝ" ማለትን ጮክ ብለን እንለማመድ። ይህ ባህልን መጣል አይደለም፤ ሌላው ሰው እንዲረዳን መንገድ መክፈት ነው።

ተጓዦች ሆይ፣ በርበሬውን ያዙ። ሦስቱን ቃላትም ጨምሩበት፤ እነሱ ኪሎ አይቆጠርባቸውም።